በሩ ላይ ስም የሌለው የመጋላው እንጨት ቤት፦ ከአንዲት ሞዴል ጀልባ ሠሪ የተሰጠ አስተያየት

ድሬዳዋ ላይ የእንጨት ሞዴል ጀልባ ሲሠሩ የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ባጃጅ ውስጥ ይገባሉ። ይህን የምጽፈው ግን ለእነሱ ብቻ አይደለም። ከሁለት ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ፣ ነገ የማይጣመም እንጨት ለሚፈልግ ሁሉ ነው፤ ክራር ለሚጠግን፣ የሕንፃ ሞዴል ለሚሠራ ተማሪ፣ የፎቶ ፍሬም ለሚያበጅ። መጋላ ውስጥ እንዲህ ያለ እንጨት የሚያወጣ ቤት አለ። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ፣ ለቆረጣው አምስት፣ ለእንጨት ምርጫው አምስት፣ ለቀጠሮ አክባሪነቱ ሁለት። ሁለተኛዋ ኮከብ ራሷ ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ስለሆነ የተሰጠች ናት።

በሩ ላይ ስም የለውም። ባጃጅ ነጂውን ከቀፊራ ገበያ ወዲያ «እንጨት ቤቶቹ ጋ» በሉት፣ ከዚያ ወርዳችሁ በጆሮ ፈልጉ። ጎረቤቶቹ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና በር ስለሚሠሩ ማሽናቸው ያገሳል። የዚህኛው መጋዝ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ያፏጫል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። እንጨቱ ሁሉ ከወገብ በላይ፣ ግድግዳ ላይ በተመቱ ብረቶች ላይ ተደርድሯል። ከ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወዲህ ባለቤቱ መሬት ላይ እንጨት አስቀምጦ አያውቅም። ያ ውኃ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ነውና፣ እሱ ስለጠፋበት እንጨት ቢጠየቅ እንኳ አያወራም። መደርደሪያውን ብቻ ከፍ አደረገ።

የሥራ ሰዓቱ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ነው። ከዚያ እንደ ከተማው ሁሉ ይዘጋል። 10 ሰዓት ላይ እከፍታለሁ ይላል፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ሄዶ ማዘዝን አልመክርም። በዚያ ሰዓት የምትጠይቁት ነገር ሁሉ መልሱ «እሺ፣ ችግር የለም» ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እሺ ያለው ምን እንደነበር ራሱ ይጠይቃችኋል። 3 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ሙቀቱም አልበረታም፣ ሰውዬውም ሙሉ ልብ አለው። በስልክ ልዘዝ ብላችሁ አትድከሙ፤ ሚሊ ሜትር በስልክ አይነገርም ባይ ነው፣ በዚህስ እውነቱን ነው።

እኔ የምሠራው ሳምቡክ ነው፤ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሰዎች ዕቃና ዓሣ ሲጭኑበት የኖሩት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ የእንጨት ጀልባ። መጠኑ 1 ለ50 ነው። ሃያ ሜትር የሚረዝመው ጀልባ እኔ ጠረጴዛ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላው ደግሞ 5 ሚሊ። ስለዚህ የማዝዘው ስፋቱ 5 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ስንጥር ነው፣ እሱንም በብዛት። ሌሎቹ እንጨት ቤቶች ይህን ስጠይቅ ሳቁብኝ። «ስቴኪኒ ልትቸረችሪ ነው እንዴ?» ያለኝ አለ። ይሄኛው አልሳቀም፤ ናሙናዬን ተቀብሎ ጣቱ ላይ አጎበጠው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ሲስተር፣ ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለጀልባ።»

«አቦ፣ የት ልትሄጂ ነው? ደቻቱ ደርቋል እኮ!»

የሌሎቹ እምቢታ ክፋት አይደለም፣ ምክንያት አለው። የትልቅ ክብ መጋዝ ስለት በሄደበት 3 ሚሊ ያህል እንጨት ይበላል። 1.5 ሚሊ ስንጥር ለማውጣት 3 ሚሊ ሰጋቱራ ማድረግ ማለት ነው፤ ከጣውላው ሁለት ሦስተኛው መሬት ላይ ይቀራል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጣውላ 22 ስንጥር ይወጣል፣ በቃ። በዚያ ላይ እንዲህ የቀጠነ እንጨት በስለቱና እንጨቱ ተደግፎ በሚሄድበት መምሪያ መካከል ከተያዘ ተስፈንጥሮ የሚመጣው ወደ ቆራጩ ነው። ሥራዬ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት ነው፤ ከመጋዝ ሥር ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚመጡትን ስለማይ «እሱን አልቆርጥም» የሚል አናጺ ላይ ቅር አይለኝም። እንዲያውም በትልቁ ማሽን ቆርጬ እሰጥሻለሁ ያለኝን ነው የሸሸሁት።

የመጋላው ሰውዬ ዘዴ ሌላ ነው። ከበሩ በስተግራ ጥግ ላይ፣ ከአሮጌ የውኃ ፓምፕ በወጣ ሞተር የሚዞር ትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ አለው። ስለቱ የእንጨት አይደለም፤ ብረት ለመሰንጠቅ የተሠራ፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ብቻ የሆነ ነው። መጀመሪያ ጣውላውን ልጎ 5 ሚሊ ያደርሰዋል። ከዚያ በዚህች መጋዝ ይሸነሽነዋል። ስንጥሩ የሚወድቀው ከስለቱ በስተውጭ በኩል እንጂ በመምሪያው በኩል ስላልሆነ ተይዞ የሚስፈነጠር ነገር የለም። ነገር ግን አንድ በቆረጠ ቁጥር መምሪያውን መልሶ ማስጠጋትና መለካት አለበት። ጊዜ የሚፈጀው ይኸው ነው፤ ብዙ ጣጣ ያለበትን ሥራ በጥቂት ብር የሚሠራላችሁ ሰው ቢያዘገይ አትገረሙ።

ከመጋዙ ሲወጣ 1.7 ወይም 1.8 ሚሊ ነው። የቀረውን በመጋዝ አይነካውም። አንድ የወይራ ጉማጅ ላይ የብረት መጋዝ ምላጭ በጀርባው አስተኝቶ በሁለት ብሎን አስሯል፤ ከምላጩ በታች ያለችው ክፍተት 1.5 ሚሊ ናት። ስንጥሩን በዚያች ቀዳዳ ሦስት አራት ጊዜ ስቦ ያሳልፈዋል፣ ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ገጹ ብርጭቆ ወረቀት ካየ እንጨት ይልቅ የጠራ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ጭረት፣ የተፈጥሮ መስመሩን ማለቴ ነው፣ በዱቄት ይደፍነዋል፣ ምላጭ ግን ቆርጦ ነው የሚያልፈው። ካሊፐር ይዤ ሄጄ አንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼዋለሁ፤ ልዩነቱ ከሚሊ አንድ አሥረኛ አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤቱን የምወደው ለማሽኑ አይደለም፤ ለእንጨቱ ነው። እንጨት ከአየር እርጥበት ይወስዳል፣ ለአየርም ይመልሳል። ሲደርቅ በቁመቱ ይህ ነው የሚባል አያጥርም፤ በስፋቱ ግን ይሰበሰባል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዓመቱን አብዛኛውን ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት። ከእርጥብ አገር የመጣ እንጨት እዚህ ሲደርስ ገና ብዙ የሚጥለው ውኃ አለው። አንድ 5 ሚሊ ስንጥር ላይ የሚቀንሰው በዓይን አይታይም፤ ሃያ ስንጥር ጎን ለጎን ተጣብቆ የጀልባው ጎን ከሆነ በኋላ ግን በየመጋጠሚያው ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። የአክስቴ ልጅ ከአውሮፓ ያመጣችልኝ ሳጥን፣ ማለትም ሥዕሉና እንጨቱ አብሮ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሞዴል ጀልባ መሥሪያ፣ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ኩባንያውን አልጠራም፤ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ሳጥን ገዝቶ ድሬ ላይ የሚሠራ ሰው ካለ ምክሬ አንድ ነው፦ ስንጥሮቹን ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ፣ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ ዘርግታችሁ፣ ለሳምንታት ተዉአቸው። ድሬን ይልመዱ።

የመጋላው ቤት እንጨት ይህን ልምምድ የጨረሰ ነው። ከፊሉ ከዚራ ሠፈር ውስጥ ከሚታደሱና ከሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ ነው፤ የበር ጉበን፣ የመስኮት ፐርሲያና፣ የቁም ሳጥን ጀርባ። ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚህ ከደረሰ በኋላ በተገነቡት ቤቶች መስኮት ላይ ለዐሥርት ዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ እንጨት ከዚህ በኋላ የሚጥለው ውኃ የለውም። ከፊሉ ደግሞ በጅቡቲ በኩል ዕቃ ተጭኖበት የመጣ የፓሌት እንጨት ነው። እሱን ለጀልባ አትውሰዱት፤ ለስላሳ ነው፣ ዓይን ይበዛበታል። ለሥራ ጠረጴዛና ለመያዣ ይሆናል።

አሮጌ እንጨት ላይ ያተኮረበት ሌላም ምክንያት አለው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በስማቸው የጠበቃቸው ዛፎች ናቸው። ሰውዬው ትኩስ የተቆረጠ ግንድ ይዞ የመጣ ሻጭ ደጁ ላይ ሲቆም አይቼ አውቃለሁ፤ አላስገባውም። ለሕጉ ይሁን ለእርጥበቱ አልጠየቅኩትም፤ ሁለቱም ለእኔ ይመቸኛል።

አሁን የትኛውን ለምን እንደምትጠይቁት ልንገራችሁ፣ ቤቱ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለምና።

ለጀልባው ጎን ዝግባ ጠይቁ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ጭረቱ የማይታይ ነው፤ ትንሽ ጀልባ ላይ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ጭረቱ ጎላ ያለ እንጨት 1 ለ50 ላይ ስትለጥፉት አንዱ መስመር በእውነተኛው ጀልባ ላይ የክንድ ስፋት ሆኖ ይታያል፣ ዓይን ወዲያው ይታዘበዋል። ዝግባ በሙቅ ውኃ ተነክሮ በፀጉር ካውያ ላይ ሲጎብጥም እሺ ይላል። ዋንዛ ጠቆር ያለ ነውና ለላይኛው ወለልና ለጠርዙ ያምራል፣ ለመላግም ይቀላል፤ ግን ቁራጩን ራሳችሁ ምረጡ፣ ጭረቱ ከቁራጭ ቁራጭ ይለያያል። ጥድ ሽታው ቤት ይሞላል፣ ቀለሙም ቀላ ያለ ነው፤ እርሳስ ሲሠራበት የኖረ እንጨት ነው። እርሳስ ሲቀረጽ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሰነጠቅ አስቡ፤ የጀልባው አፍንጫ ላይ ልታጎብጡት ስትሞክሩም የሚሆነው ያው ነው። ለምሰሶ ግን ከእሱ የተሻለ የለም። ወይራ ለመዘውሮቹ፣ ለመሪው እጀታና ለጥቃቅኑ ሁሉ፤ ከባድና ድፍን ስለሆነ ሁለት ሚሊ ቀዳዳ ብትበሱበት ጠርዙ አይፈርስም። አንዳንዴ ከኤረር በኩል የመጣ የደረቀ የብርቱካን ግንድ ይኖረዋል። ካለ ዝም ብላችሁ ግዙ፤ አውሮፓ ያሉት ሠሪዎች ለዚህ ሥራ የሸክላ ያህል ድፍን የሆነ የፍሬ ዛፍ እንጨት በውድ ዋጋ ነው የሚፈልጉት።

ሳጥን ወይስ የመጋላው ቤት የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የዚህ ሥራ ሳጥኖች የሚመጡት በአብዛኛው ከስፔን፣ ከጣሊያንና ከዴንማርክ ነው፤ ኦክሬና አርቴሳኒያ ላቲና የስፔን፣ አማቲ የጣሊያን፣ ቢሊንግ ቦትስ የዴንማርክ ናቸው። ለጀማሪ የሚሆነው 100 ዩሮ ገደማ ያወጣል፣ ወደዚህ የሚያመጣ ዘመድም ያስፈልጋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ሥዕሉና በሌዘር የተቆረጠው የጎድን አጥንት ወርቅ ነው፤ ጀልባው ቅርጹን የሚይዘው በእነሱ ነው፣ አንድ ጎድን ግማሽ ሚሊ ከተዛባ ጣውላው ሁሉ ላዩ ላይ ይጎብጣል። ስንጥሩ፣ ክሩ፣ የሸራው ጨርቅ ግን እዚሁ ይገኛል፣ የሚሻልም አለ። ለሸራው አቡጀዲ ገዝቼ በሻይ ነከርኩት። ክሩን ሐረር መኪና ግርግር ከልብስ ሰፊዎቹ ሠፈር አመጣሁ፤ በማር ሰም ሲታሽ ፀጉሩ ይተኛል። ስለዚህ ሁለተኛ ሳጥን አልገዛም፤ ሥዕል ብቻ እገዛለሁ።

ለወሬኛ ደንበኞቹም ነጥብ መስጠት አለብኝ። ደጁ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ቤተሰባቸው ከየመን የመጣ፣ በወጣትነታቸው ከኤደን ጅቡቲ በሳምቡክ የተመላለሱ። ሰውዬው የምሰሶዬን ቀዳዳ ሊበሳልኝ መሰርሰሪያውን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ እጁን ያዙት።

«አቦ፣ ቆይ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ምሰሶ ላቆም ነዋ።»

«ምሰሶ እንዲህ አይቆምም። ወደ ፊት ነው፣ ወደ አፍንጫው!»

ከዚያ በከዘራቸው አሳዩን። ሸራው የሚታሰርበት አግድም ግንድ ረጅምና ከባድ ነው፤ ምሰሶው ወደ ፊት ካዘነበለ ግንዱ ከምሰሶው ርቆ በነፃ ይንጠለጠላል፣ ለማዞርም ይቀላል። ቀጥ ካለ እላዩ ላይ እየተፋተገ ይኖራል። ሥዕሌ ላይ ስናየው ልክ ናቸው። የኋላውን ጠፍጣፋነት በጣታቸው ዳብሰው «ይሄስ ሳምቡክ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ሹል ቢሆን ቡም የሚባለው ጀልባ ነበር» አሉና ተቀመጡ። ጎድኑን አስቀድሜ አቁሜ ጣውላውን ከላይ ማልበሴ ግን አሳቃቸው። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በድሮው ልማድ የሚቀድመው ጣውላው ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ እየተያያዘ ቅርጹ ከወጣ በኋላ ነው ጎድኑ ከውስጥ የሚገጠመው። በጥንቱ ጊዜ ሚስማርም አልነበረበትም፣ በኮኮናት ቃጫ ገመድ ይሰፋ ነበር። ሳጥን የሚያመርቱት አውሮፓውያን ሳምቡክንም እንደ ራሳቸው መርከብ ከአጥንቱ ይጀምሩታል፤ ለእኛ ለጠረጴዛ ሠሪዎች እሱ ስለሚቀል ነው። ሽማግሌው አልተዋጠላቸውም።

ወደ ድክመቱ ልምጣ። ጎድን አታስቆርጡት። ለበር የሚያገለግለውን ኮምፔርሳቶ ነው የሚያቀርብላችሁ፤ ንብርብሩ መካከል ባዶ ቦታ አለበት፣ ሚስማር ስትመቱበት ይተረተራል። በእጅ መጋዝ ስለሚቆርጠውም ግራና ቀኙ እኩል አይወጣም። ጎድን ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ጋ ይሻላል፤ ፊደል የሚቆርጡበት ሌዘር ያላቸው አሉ፣ ሥዕሉን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ ያወጡላችኋል። ጠርዙ ጠቁሮ ይወጣል፤ ኮላ ስለማይዝ በሞረድ አጥሩት።

ቀለምና ቅባት ላይም አትስሙት። እሱ የሚያውቀው የሠርግ አልጋ ነው፤ ያልበራ ነገር ያልተጨረሰ ይመስለዋል። ትንሽ ጀልባ ላይ ወፍራም የሚያበራ ቫርኒሽ ከተቀባ መጫወቻ ይሆናል። ጎማላካ ካለው በአልኮል አቅጥኖ ይስጣችሁ፣ ቤታችሁ ወስዳችሁ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙት። እኔ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ሲስተር፣ ይሄን ነገር ሳታስጨርሺ ልትወስጂው ነው?» እያለ ሲያዝን ዝም ብዬ ነው የምወጣው።

ደረሰኝ የለም። ትእዛዝ አይጽፍም። የአንዱን እንጨት ለሌላው ሰጥቶ ያውቃል፤ የእኔን ዋንዛ የሆነ ሰው የዕጣን መያዣ አድርጎታል። የበር ወይም የአልጋ ትእዛዝ የያዘ ሳምንት ከሆነ ትንሿ መጋዝ አትነሳም፣ ለዚያም አስቀድሞ አይነግራችሁም። አቧራው ብዙ ነው፤ ጭምብል አድርጋችሁ ግቡ፣ በተለይ ወይራና ጥድ በሚቆረጥበት ቀን። ለልጁ፣ ለረዳቱ ማለቴ ነው፣ ጭምብል ወስጄለት አገጩ ላይ ነው የሚያደርገው።

ስለ ማጣበቂያም አንድ ነገር፣ እዚያው ስለሚሸጥ። ነጩ ኮላ በድሬ ሙቀት ፈጥኖ ቆዳ ያወጣል፤ አንድ ስንጥር በሚበቃ ብቻ ቀቡ። ሱፐር ግሉ ደግሞ የሚይዘው በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ነው፤ በደረቁ ወር ብዙ ሰው «አሮጌ ሸጡልኝ» ብሎ የሚመልሰው አየሩ ስለደረቀ ነው። መጋጠሚያው ላይ አንድ ጊዜ ትንፋሻችሁን እህ በሉበት፣ ይይዛል።

ዋጋው፦ በመጨረሻ ስሄድ ለ50 ስንጥር ዝግባ 750 ብር ከፍያለሁ። ወይራ ከዚህ ይወደዳል፣ ጥድ ይረክሳል። ተከራከሩ፤ ግን ሥራው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ተከራከሩ። እንጨቱን ይቀንስላችኋል፣ የእጁን ዋጋ ስትነኩበት ግን ማሽኑን ያጠፋና ሻይ ያዛል። ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ በሚሊ ብታወሩትም በመጨረሻ የሚያምነው ጣቱን ነው። ለመውሰጃም የጨርቅ ጥቅል የሚጠቀለልበትን ካርቶን ቱቦ ያዙ፤ እሱ በላስቲክ ገመድ ጠፍሮ ነው የሚሰጣችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ጫፉ ይሰበራል።

ከላይኛው መደርደሪያ በስተቀኝ በኩል በጋዜጣ የተጠቀለለች፣ አረንጓዴ ቀለሟ ገና ያልለቀቃት የፐርሲያና ዝግባ አለች። እሷን አትጠይቁት። ቀብድ ከፍያለሁ።